ሰው ሞቶ እንዴት ይሳቃል? የተዋጊ አብራሪዎች ድራማና የድሬ ተመልካች

ስለ ጦርነት ጊዜ አብራሪዎች የተሠራ ድራማ ድሬዳዋ ውስጥ ዝም ተብሎ አይታይም። አውሮፕላን ማረፊያችን ከከተማው አፍንጫ ሥር ነው። በ1969 ዓ.ም. ክረምት፣ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ፣ እዚህ ሰማይ ላይ የሆነውን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬም በየሰፈሩ አለ። ስለዚህ ክርክሩ «ደስ ይላል፣ ይደብራል» ተብሎ አያበቃም። «እውነት እንዲህ ነበር ወይ?» ወደሚለው ይሄዳል።

ሰሞኑን ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ጎረቤት ግቢ ተሰብስበን «ፒስ ኦፍ ኬክ» የሚባለውን የእንግሊዞች ድራማ አየን። ባለ ስድስት ክፍል ነው፤ በቴሌቪዥን የታየው በ1988 እ.ኤ.አ.። አንዱ ልጅ በፍላሽ አምጥቶት ነው። ክፍሉ ሳያልቅ ማቆሚያው ይጫናል፤ ጭቅጭቁ ይጀመራል። ይህን የምጽፈው ከዚያ ጭቅጭቅ ተነስቼ ነው፤ ምክንያቱም ሰዉ ያነሳቸው ጥያቄዎች መልስ ያላቸው ናቸው። ስለ አውሮፓ ስጽፍ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ስለ ድሬ ስጽፍ በእኛው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ደሪክ ሮቢንሰን በ1983 ካሳተመው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። አንድ የእንግሊዝ ተዋጊ ስኳድሮንን፣ ማለትም አብረው የሚበሩ የተዋጊ አብራሪዎችን ቡድን፣ ከሴፕቴምበር 1939 እስከ ሴፕቴምበር 1940 ይከተላል። ስኳድሮኑ የፈጠራ ነው፤ ጦርነቱ የእውነት ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ ሄደው ብዙ ውጊያ ሳያዩ ወራት ይቀመጣሉ። ሜይ 10 ቀን 1940 ጀርመን ወረራውን ስትጀምር ነገሩ ሁሉ ይገለባበጣል። ከዚያ ወደ አገራቸው ይመለሱና የብሪታንያ የአየር ውጊያ የሚባለው ይከተላል። እየቆየ የምናውቀው ፊት እየቀነሰ ይሄዳል።

ሰውን ያስቆጣውም እዚሁ ላይ ነው። አንዱ ይሞታል። ማታ የቀሩት ይጠጣሉ፣ ይቀልዳሉ፣ የሟቹን ነገር አንስተው አያለቅሱም። አብረውን ያዩ የነበሩ አንዲት እናት «ሰው ሞቶ ይሳቃል እንዴ? እነዚህ እናት የላቸውም?» ብለው ተነሱ። ሻይ ላፍላ ብለው ገቡ፤ ክፍሉ እስኪያልቅ አልተመለሱም።

ይገባኛል። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል። ለቅሶም ይሁን ተእዚያ፣ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ሐዘን የብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገርም ቢሆን መጽሐፉም ድራማውም «ጀግኖቹን አዋረደ» ተብሎ ተወቅሷል። ሕዝቡ እነዚህን አብራሪዎች አገር ያዳኑ ልጆች አድርጎ ነው የሚያስታውሳቸው። በድራማው ግን የሚተናነቁ፣ የሚናናቁ፣ አንዳንዴም ጨካኝ ሆነው ይታያሉ። ሞጊ ካተርሞል የሚባለውን ገጸ ባሕርይ ማንም አይወደውም። ደካማ ላይ ይበረታል፣ ጓደኞቹን ያስጨንቃል። መብረር ግን ይችላል።

እኔ ይህን ክፍል ድራማው ውስጥ ካለው ሁሉ እውነተኛው ነው እላለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ልጆች ነበሩ። ሃያ ያልሞላቸውም ነበሩ። ከጁላይ 10 እስከ ኦክቶበር 31 ቀን 1940 በተደረገው ውጊያ በእንግሊዝ በኩል ወደ 3,000 የሚጠጉ አብራሪዎችና የበረራ ሠራተኞች ተሰልፈዋል። ከእነሱ 544ቱ እዚያው ውጊያ ላይ ሞቱ። ጎህ ሳይቀድ አውሮፕላናቸው አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ስልኩ እስኪጮህ ይጠብቃሉ። ሲጮህ እየሮጡ ይወጣሉ። በቀን ሦስትና አራት ጊዜ የሚነሱበት ቀን ነበር። ከብዙዎቹ ትዝታ እንደሚነበበው ደግሞ ከውጊያው ይልቅ ያ የስልክ ጥበቃ ነበር ሆድ የሚያላውሰው። ጠዋት አብሮ ቁርስ የበላ ማታ የለም። አልጋው ላይ አዲስ ልጅ ይተኛል። ለእያንዳንዱ ሟች ሠልስት ቢቀመጡ ኖሮ በማግስቱ የሚነሳ አውሮፕላን አይኖርም ነበር።

ሌላም ነገር አለ፤ ድራማውን ስናይ የማናውቀው። በዚያው በ1940 አየር ኃይሉ «አልበርም» ያለ አብራሪ ላይ የሚለጠፍ ስም አወጣ። ስሙ «የሞራል ጥንካሬ የጎደለው» የሚል ነው። ይህ ከተለጠፈበት ሰውየው ደረቱ ላይ ያለውን የበረራ ክንፍ ሊነጠቅ ይችላል። ስሙም ይጠፋል። እንግዲህ አስቡት። እንቅልፍ አጥተሃል። እጅህ ይንቀጠቀጣል። የጓደኛህ አውሮፕላን እየነደደ ሲወርድ በዓይንህ አይተሃል። ለሐኪም ብትናገር ፈሪ ልትባል ነው። ለአዛዥህ ብትናገር ፈሪ ልትባል ነው። የቀረህ ምንድን ነው? መሳቅ። ስለ ሞት ማውራት ክልክል የሆነ ያህል ነበር፤ ቀልድ ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ ሐዘኑም ፍርሃቱም በቀልድ በኩል ይወጣል።

ለእኚያ እናት ይህን ስነግራቸው «እሱማ ካልክ አለቀሱ ማለት ነው፤ አለቃቀሳቸው ነው የከፋው» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም።

የካተርሞልም ነገር እንዲሁ ነው። ሰው ደፋር ስለሆነ ብቻ ደግ አይሆንም። ጦርነት የሚመለምለው ዓይኑ የሚያይለትን፣ እጁ የሚፈጥንለትን ነው። ጠባይ አይመርጥም። አገሩን ያዳነ ሰው ቤቱ ውስጥ ክፉ ሊሆን ይችላል። ይህን ማሳየት ጀግንነቱን አይቀንሰውም። እንዲያውም እነዚህ መላእክት እንዳልነበሩ ስናውቅ ነው ያደረጉት ነገር ክብደቱ የሚሰማን።

ልጆቹ የሳቁበት ሌላ ነገር ስካርፉ ነው። አብራሪዎቹ አንገታቸው ላይ የሐር ስካርፍ ያደርጋሉ። «ዋሪያ፣ ለውጊያ ነው ለሠርግ?» አለ አንዱ። ነገሩ ከመሽቀርቀር ጋር አይገናኝም። በሕይወት መቆየት የሚፈልግ አብራሪ ከተነሳበት እስኪያርፍ አንገቱን ሲያዞር ነው የሚውለው። ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ኋላ። በተለይ ፀሐይ ያለችበትን አቅጣጫ፤ ጠላት ፀሐይን ጀርባው አድርጎ ነው የሚመጣው። የደንብ ልብሱ ኮሌታ ደግሞ ደረቅ ነው። ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የአንገት ቆዳ ይልጣል። ሐር ያንሸራትታል። ስካርፉ የሥራ ልብስ ነው።

ይህች ትንሽ ነገር ትልቁን ጉዳይ ታስረዳለች። በአየር ውጊያ ቀድሞ ያየ ይገድላል። ከተመቱት አብራሪዎች ብዙዎቹ የመታቸውን አውሮፕላን ጨርሶ አላዩትም። ድራማው ውስጥ አዛዡና አሜሪካዊው አብራሪ የሚጋጩትም በዚሁ ነው። ብዙ ተመልካች ጠባቸውን የግል ጥላቻ አድርጎ ይወስደዋል። በመካከላቸው ያለው ግን የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነው።

እንግሊዞች ያኔ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ነበር የሚበሩት። ሲያዩት ያምራል። ለሰልፍ ቀን የሚሆን ነው። ነገር ግን በጎን ያሉት ሁለቱ አብራሪዎች ዓይናቸው ከመሪው ክንፍ አይነቀልም። ለአፍታ ዞር ቢሉ ይጋጫሉ። ስለዚህ ከሦስቱ ሰማዩን የሚያይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደፊት። ኋላውን ማን ያያል? ማንም።

ጀርመኖች ይህን በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተምረው ትተውታል። ቨርነር ሞልደርስ የሚባለው አብራሪያቸው በዚህ ስሙ ይነሳል። እነሱ በጥንድ ነው የሚበሩት፤ ሁለት ጥንድ ተገናኝቶ አራት ይሆናል። መሀላቸው ሰፊ ነው። እንዳይጋጩ መጨነቅ ስለሌለባቸው ሁሉም ሰማዩን ያያሉ። አንዱ ሲያጠቃ ሌላው ጀርባውን ይጠብቅለታል። ድራማው ውስጥ ያለው አሜሪካዊ፣ ክሪስ ሃርት፣ ስፔን ውስጥ የተዋጋ ሆኖ ነው የተሳለው። ስለዚህ ያውቃል። አዛዡ ሬክስ ግን መመሪያውን አይለቅም። ሬክስ ሞኝ አይደለም፤ የተማረውን በትክክል የሚሠራ ሰው ነው። የተማረው ነው ስህተቱ። እንግሊዞች ስልቱን ቀስ በቀስ የቀየሩት ብዙ ልጅ ከገበሩ በኋላ ነው።

አውሮፕላን የሚወደው ልጅ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያብሰለስለው። «ይሄ አውሮፕላን ውሸት ነው» አለ ገና በመጀመሪያው ክፍል። ትክክል ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስኳድሮኑ የሚያበረው ሃሪኬን ነው። በድራማው ግን ስፒትፋየር ነው። በእውነተኛው ታሪክ ፈረንሳይ የተቀመጡት የእንግሊዝ ተዋጊዎች ሃሪኬኖች ነበሩ። የስፒትፋየር ተዋጊ ስኳድሮን ፈረንሳይ ላይ አልተመደበም። በብሪታንያው ውጊያም ቢሆን በቁጥር የሚበዛው ሃሪኬን ነበር፤ ብዙ የጠላት አውሮፕላን የጣለውም እሱ ነው። ስሙን የወሰደው ስፒትፋየር ነው፤ ስለሚያምር።

ታዲያ ለምን ቀየሩት? ድራማው ሲቀረጽ መብረር የሚችል ሃሪኬን በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነበር። ስፒትፋየር ይገኛል። ድልድይ ሥር ሰንጥቆ የሚያልፈውን አውሮፕላን ያየ አይረሳውም። ያ የኮምፒዩተር ሥራ አይደለም። ሬይ ሃና የተባለ አንጋፋ አብራሪ ሰሜን እንግሊዝ ቲስ ወንዝ ላይ ባለው የዊንስተን ድልድይ ሥር እውነተኛ ስፒትፋየር አሳልፎ ነው። አውሮፕላኑ ግን የተሠራው በ1943 ነው፤ ታሪኩ ካበቃ ከዓመታት በኋላ። የጀርመን ሆነው የሚታዩትም ስፔን ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ የተገጠመላቸው ሞተር ደግሞ ያው የእንግሊዙ ሮልስ ሮይስ ሜርሊን ነው። ተሳዳጁም አሳዳጁም በአንድ ዓይነት ሞተር ነው የሚያጓራው።

ይህ የሞተር ጉዳይ ዋዛ አይደለም። በ1940 የነበረው የእንግሊዙ ሜርሊን ነዳጅ የሚያገኘው በካርቡሬተር ነው፤ ሐረር መንገድ ላይ እንደምናውቃት ፔጆ 404። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ግን ነዳጁ በግፊት ወደ ሞተሩ ይረጫል። እንግሊዛዊው አፍንጫውን ድንገት ወደ ታች ሲደፋ ነዳጁ በካርቡሬተሩ ውስጥ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሞተሩ ለአፍታ ይጠፋል። ጀርመኑ ይህን ስለሚያውቅ ሲባረር አፍንጫውን ደፍቶ ይወርዳል፤ ያመልጣል። እንግሊዛዊው እሱን ለመከተል መጀመሪያ መገልበጥ አለበት። መላው የተገኘው በ1941 ነው። ቢያትሪስ ሺሊንግ የምትባል መሐንዲስ የነዳጁን መጠን የምትገድብ ትንሽ ቀዳዳ ያላት የብረት ቁራጭ ሠራች። ለዚህች ሴት ለብቻዋ ድራማ ቢሠራላት አይበዛባትም።

ለልጁ ያልኩት ይህን ነው። የአውሮፕላኑ ስህተት እውነተኛ ስህተት ነው፤ ግን ከችግር የመጣ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማንም ያልተከራከረበት ነገር ነው፤ የውጊያው ርዝመት።

በፊልም ላይ አብራሪው ይተኩሳል፣ ይተኩሳል፣ አያልቅበትም። ስፒትፋየር ክንፎቹ ላይ ስምንት መትረየስ አለው። ለአንዱ 300 ጥይት። ቃታውን ይዘህ ብትቆይ በ15 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። አበቃ። ስለዚህ የሚተኮሰው ሁለት ሁለት ሰከንድ እየተቆጠበ ነው። ርቀትም አለ። መትረየሶቹ ክንፍ ላይ ተራርቀው ስለተቀመጡ ጥይታቸው አንድ ቦታ እንዲገናኝ ይስተካከላል። መመሪያው 400 ያርድ ላይ ይገናኝ ይል ነበር፤ ወደ 365 ሜትር። ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ወደ 250 ያርድ አስጠጉት። የጠላትን ፊት ለማየት ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ከዚያ ሰማዩ ድንገት ባዶ ይሆናል። ብዙ አብራሪዎች ጽፈውታል፤ ከአፍታ በፊት አውሮፕላን የሞላበት ሰማይ ላይ ብቻህን ትቀራለህ። ቴሌቪዥን ይህን አይወድም። ማሳየት የሚወደው ረጅሙን ማሳደድ ነው።

ከዚህ የተነሳ ነው የቁጥር ጭቅጭቅ የሚመጣውም። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1940 እንግሊዞች 185 የጀርመን አውሮፕላን ጣልን አሉ። ከጦርነቱ በኋላ መዝገብ ሲታይ 60 ገደማ ሆነ። ዋሽተው አይደለም። ሦስት አብራሪዎች አንዱን አውሮፕላን ይተኩሱበታል፤ ሦስቱም ሲወድቅ ያዩታል፤ ሦስቱም እኔ ነኝ ይላሉ። ጭስ እያወጣ የወረደውም ሁሉ አልወደቀም። በፍጥነትና በፍርሃት መሀል የሰው ዓይን ይህን ያህል ነው የሚይዘው። ወዳጅን ከጠላት አለመለየትም አለ። ጦርነቱ በታወጀ በሦስተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1939፣ የእንግሊዝ ስፒትፋየሮች ሁለት የራሳቸውን ሃሪኬኖች መትተው ጣሉ፤ አንድ አብራሪ ሞተ። በዚያ ጦርነት የመጀመሪያው የሞተ የእንግሊዝ ተዋጊ አብራሪ እሱ ነው፤ በወገኑ ጥይት።

ይህን ሁሉ ስናወራ ወሬው ወደ ድሬ መዞሩ አልቀረም። በሐምሌ 1969 የእኛ ኤፍ 5ኢዎችና የሶማሊያ ሚግ 21ና ሚግ 17 በዚህ በምሥራቁ ሰማይ ተገናኙ። የእኛዎቹ አሜሪካ ሠራሽ ናቸው፤ የእነሱ የሶቪየት። በነሐሴ ወር አጋማሽ ጦርነቱ ድሬዳዋ ደጅ ደረሰ። አውሮፕላን ማረፊያው በአየር ተደበደበ፤ ከተማዋ ግን አልተያዘችም። የካራማራ ድል የመጣው በየካቲት 26 ቀን 1970 ነው። የአየር ኃይሉ የበላይነት ለዚያ ድል ትልቅ ድርሻ ነበረው።

የሚገርመው የጄት ዘመን ቢሆንም የሰከንዱ ነገር አልተለወጠም። ኤፍ 5ኢ አፍንጫው ላይ ሁለት 20 ሚሊ ሜትር መድፍ አለው። ለአንዱ 280 ጥይት። ያለማቋረጥ ቢተኮስ በ11 ሰከንድ ገደማ ያልቃል። ሙቀት ተከትሎ የሚሄደው ሳይድዋይንደር ሚሳኤል ተጨምሮበታል፤ ቀድሞ ያየ ያሸንፋል የሚለው ሕግ ግን ያው ነው። የቁጥሩም ጭቅጭቅ ያው ነው። ሁለቱ ወገኖች ስለዚያ ጊዜ የሚናገሩት ቁጥር አይገናኝም።

ብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራን እዚህ ማንሳት አለብኝ። በዚያ ጦርነት ሚጎችን የጣሉ አብራሪ ናቸው። አውሮፕላናቸው ተመትቶ ሶማሊያ ውስጥ ተማረኩ። 11 ዓመት ያህል ታስረው የተፈቱት በ1980 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱ መንግሥታት ከተስማሙ በኋላ። የእንግሊዞቹን ድራማ ስናይ «የተማረከውስ? ቤተሰቡስ እንዴት ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር። ጥያቄው ከየት እንደመጣ ሁላችንም ገብቶናል። ድራማ የወደቀውን አብራሪ በአንድ ትዕይንት ይሸኘዋል። ቤተሰብ ግን «ሞቷል» ወይስ «አለ» በሚል ዓመታት ይቀመጣል። ሐዘን ሳይቀመጡ፣ ተስፋ ሳይቆርጡ።

የሶማሌ ጎረቤታችንም የተናገሩት ትክክል ነው። «ያኛውም እኮ የሰው ልጅ ነው፤ ድራማው ግን አውሮፕላኑን ብቻ ነው የሚያሳየን» አሉ። ካሜራው ከእንግሊዞቹ ጋር ነው የተቀመጠው፤ ጀርመኑ ለእኛ ብዙ ጊዜ ክንፍና ጭስ ነው። በአንድ በኩል ይህም እውነት ነው፤ አብራሪው ራሱ የሚያየው ይህንኑ ስለሆነ። በሌላ በኩል ግን ድሬ ከተማ ዘመድ በሁለቱም ወገን ያለባት ከተማ ናት። እዚህ እንዲህ ያለ ድራማ ቢሠራ በክንፍና በጭስ ብቻ ሊታለፍ አይችልም።

ቢሠራ አልኩ፤ ቢሠራ እመኛለሁም። ያዩት ሰዎች እያሉ ነው መጠየቅ። ያውም አብራሪዎቹን ብቻ ሳይሆን። ግቢው ውስጥ አብረውን ካዩት አንዱ አየር ኃይል ውስጥ በቴክኒሻንነት ያገለገሉ አባት ናቸው። አምስት ክፍል ሙሉ ዝም ብለው አዩ። በስድስተኛው «ይሄን ሁሉ አውሮፕላን ማነው የሚያስነሳው?» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። ድራማው ለመካኒኮቹ የሰጠው ቦታ ትንሽ ነው፤ እኛም አላስተዋልነውም ነበር።

እያንዳንዱ ስፒትፋየር የራሱ ሰዎች ነበሩት። አንዱ ሞተሩን፣ ሌላው አካሉን ይይዛል። መሣሪያ የሚያጎርሱት ለብቻ ናቸው። ከመነሳቱ በፊት የመትረየሶቹን አፍ በቀይ ጨርቅ ይለጥፉታል፤ አቧራና ብርድ እንዳይገባ። አውሮፕላኑ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ጨርቅ ነው። ካልተቀደደ አልተኮሰም። ከተቀደደ ተዋግቷል። ነዳጅ ይሞላሉ፣ ስምንቱንም መትረየስ እንደገና ያጎርሳሉ፣ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ሁሉም በደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ስልኩ መቼ እንደሚጮህ አይታወቅም። የማይመለስ ከሆነ ደግሞ ማስታወቂያ የሚነግራቸው የለም። ቆመው ይቆጥራሉ፤ አንድ ይጎድላል።

እኚህ አባት ስለ ድሬ ሙቀት ነገሩን። ቀትር ላይ የአውሮፕላኑ ቆርቆሮ በባዶ እጅ አይነካም። መፍቻው ራሱ ያቃጥላል። ጓንት ለብሰህ ደግሞ ትንንሹን ቡሎን አትይዘውም። ስለዚህ ጨርቅ አርጥበው ይጠቀልሉት ነበር። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው ይቀዷቸው ጀመር። የስድስተኛው ክፍል ግማሽ ሳይታይ ቀረ፤ ማንም ይከፈት አላለም።